የወንድም ጋሼ ስንዝር

መዝገብ ቤቱ መግቢያ ላይ ባለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ሁለት ወረቀቶች በአንድ ፒን ተሰክተዋል። የላይኛው ዙሪያውን በጥቁር የተሰመረ ነው፦ «ውድ የሥራ ባልደረባችን በድንገት ከዚህ ዓለም በሞት ስለተለየን የተሰማንን ጥልቅ ሐዘን እንገልጻለን።» ከሥሩ ያለው፣ ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ የወጣው፣ ማኅተም ያረፈበት ነው፦ «በግራ ክንፍ የሚገኙት ስድስት ኮምፒውተሮች ከኔትወርክ የተቋረጡት፣ ሟቹ የሙያ ማረጋገጫ ሳይኖራቸው በዘረጉት ጥራቱን ያልጠበቀ ገመድ ምክንያት መሆኑ ታውቋል።» የሁለቱም ፈራሚ አንድ ሰው ነው። በአንድ እጅ ያለቀሰ፣ በአንድ እጅ የከሰሰ፤ ፒን ግን ቆጥቧል።

ሁለተኛውን ወረቀት ቆማ ሦስት ጊዜ ያነበበችው የሟቹ ታናሽ እህት ናት። እዚያው መሥሪያ ቤት ፋይል አመላላሽ ነች፤ አቧራ የጠጣ ፋይል በደረቷ አቅፋ ከክፍል ክፍል ስትመላለስ ትውላለች። «ወንድም ጋሼ» ትለው ነበር፤ በሌለበት እንኳ ስሙን ጠርታ አታውቅም። በምሳ ሰዓት ደግሞ መሰላል የምትይዝለት፣ ገመድ የምታቀብለው እሷ ነበረች። በሠራተኞች ዝርዝር ላይ ወንድም ጋሼ «ልዩ ልዩ ሥራ» ተብሎ ነው የተጻፈው፤ ወረቀት የለውማ! ልዩ ልዩው ምን እንደሆነ ግን ዘበኛው ሳይቀር ያውቃል፦ የሞተ ኮምፒውተር ያስነሳል፣ ዊንዶውስ ይጭናል፣ የሕንፃውን ኔትወርክ ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ የዘረጋው እሱ ነው። ስምንት ዓመት ሠራ፤ ስምንት ዓመት ልዩ ልዩ ሆኖ ኖረ።

ማታውን ነገሩ እናቷ ጆሮ ደርሶ ነበር። ለቅሶ ሊደርሱ የመጡ ጎረቤት ነው የነገሯት፤ ለማጽናናት መጥተው።

«ልጄ ሥራ አያውቅም ብለው ለጠፉበት?» አለች እናት።

«እማዬ፣ ተይው አሁን።»

«አልተውም። ሞቱን ቻልኩት። ይሄን ግን አልችልም። ሂጂና አስነሺልኝ።»

ሴትዮዋ ሌላ ምንም አልጠየቀችም። ልጂቱም ከዚህ ሌላ የምታስበው ነገር አልነበራትም። ግን ለእናቷም ያልነገረችው አንድ ነገር ነበር። ወንድም ጋሼ በመጨረሻው ወር እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። የግራ ክንፉን ዋና ገመድ ጫፍ እንደገና ሲገጥም ላብ በላብ ሆኖ፣ «ጥሩ ነው? እስቲ እዪልኝ» ሲላት፣ እንዳይከፋው ብላ ሳታይ «ጥሩ ነው» ብላዋለች። ወረቀቱ እውነት ቢሆንስ?

በማግስቱ ኃላፊው ቢሮ ገባች። ሁለቱንም ወረቀት የፈረሙት የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ ከፊታቸው «ጋሼ» ይባላሉ፤ ዞር ሲሉ «ባለስምንቱ»። ግድግዳቸው ላይ በመስታወት የተለበጡ ስምንት ሠርተፊኬቶች አሏቸው። አንዱ ስብሰባ ላይ ሦስት ቀን በመገኘታቸው፣ አንዱ ያንኑ ስብሰባ በንግግር በመክፈታቸው የተሰጣቸው ነው። አንዱ ስለ እሳት ማጥፊያ አያያዝ ነው። ሰባቱ ከወንበራቸው ጀርባ ተደርድረዋል። ስምንተኛው፣ ወርቃማው፣ ገና ትኩስ ነው፤ በስተግራ ግድግዳ ላይ ለብቻው፣ ከሌሎቹ ዝቅ ብሎ ተሰቅሏል። እንዲህ ያሉት ሰው ናቸው እንግዲህ፣ የኃይል ገመዳቸውን በእግራቸው ነቅለው «ቫይረስ ገባብኝ» ብለው ወንድም ጋሼን በሹክሹክታ የሚያስጠሩት። በሹክሹክታ ነው ሁልጊዜ፤ ሰው እንዳይሰማ። እሱም በሹክሹክታ መልሶ ይሰካላቸው ነበር።

«ጋሼ፣ ስለ ወረቀቱ ነበር» አለች።

«እህቴ፣ ሐዘንሽ ይገባኛል። ግን ይሄ ቴክኒክ ነው። ቴክኒክ ደግሞ ዘመድ የለውም።»

«ገመዱ ስምንት ዓመት ሠርቷል። እሱ ከሞተ በኋላ ነው የተቋረጠው።»

«አየሽ? ጥራት የሌለው ነገር እንደዚያ ነው፤ ይቆይና ያጋልጥሻል።»

«እስቲ እኔ ልየው።»

«በምን ሥልጣን?» ባለስምንቱ ወንበራቸው ላይ ተመቻቹ። «የሙያ ማረጋገጫ የሌለው ገመድ አይነካም። የብልሽት መዝገብ ላይም አይጽፍም። ደንብ ነው።»

«እርስዎስ? ስምንት አለዎት አይደል?»

«እኔ መሰላል አልወጣም» አሉ ባለስምንቱ፣ መሰላል መውጣት የስርቆት ዓይነት ይመስል።

በዚያው ሳምንት ለኮምፒውተር ጥገና ባለሙያነት ሥልጠና ተመዘገበች። ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች ነው የገባችው፤ ሦስት ወርም አላወለቀችውም።

ሥልጠናው የሚሰጠው በመሥሪያ ቤቱ አዳራሽ ነው። አሥር አዳዲስ ኮምፒውተሮች ተደርድረዋል፤ ሁሉም ላስቲክ ለብሰዋል። ላስቲኩን መግለጥ ክልክል ነው። «የትምህርት መሣሪያ ናቸው፤ ከተነኩ ይበላሻሉ» አለ አሠልጣኙ፣ ሸሚዙን እስከ ጉሮሮው የቆለፈ፣ ጠመኔ እንጂ ገመድ ነክቶ የማያውቅ ሰው። ኦፐሬቲንግ ሲስተም መጫን ያስተማራቸው በፎቶ ኮፒ ነው። የስክሪኑን ሥዕል ያደላቸውና፣ «"ቀጥል" የሚለውን በጣታችሁ ንኩ። ነካችሁ? ገጽ ግለጡ። አሁን ይጭናል፤ ጠብቁ» ይላል። ሃያ ሰው ወረቀት ላይ አፍጥጦ ይጠብቃል። ከኋላ የተቀመጠ አንዱ፣ «መምህር፣ የኔ ቆመብኝ» ሲለው ጊዜ፣ አሠልጣኙ ከልቡ መጥቶ ወረቀቱን አየለት። በሦስት ሳምንት ውስጥ ሃያ ሰው ያለ አንዲት ኮምፒውተር ዊንዶውስ ጭኖ ጨረሰ።

ኔትወርክ ሲደርሱ ነገሩ ባሰ። «የኮምፒውተሩ አድራሻ በ169.254 ከጀመረ መልሱ "ሐ" ነው» አለ አሠልጣኙ።

«"ሐ" ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች።

«"ሐ" ነዋ! ፈተና ላይ የምታጠቁሪው።»

ወንድም ጋሼ ያንኑ ነገር ያስረዳት መሰላል ላይ ሆኖ ነው። «ኮምፒውተር ሲነሳ አድራሻ ስጡኝ ብሎ ይጮኻል። የሚሰጠው ካለ ይቀበላል። ገመዱ ተቆርጦ የሚሰማው ካጣ ግን ምን ያደርግ መሰለሽ? ለራሱ ይሰጣል። ማንም የማያውቀው አድራሻ ይዞ፣ አለሁ ብሎ ቁጭ ይላል።» ከዚያ ወደ ባለስምንቱ ቢሮ በአገጩ አመልክቶ፣ «እንደ እሳቸው፤ ራሱን የሾመ ነው» አላት። ሳቋን አፍና መሰላሉን ለቃው ሊወድቅ ነበር። አሁን ክፍል ውስጥ ይህን አስታውሳ ሳቅና እንባ እኩል መጣባትና ደብተሯ ላይ አቀረቀረች።

አሠልጣኙ ከልቡ የሚወደው ግን ሰባቱን የጥገና ደረጃዎች ማስጮኽ ነው። እጁን እያወናጨፈ ያዘምራቸዋል፦ ጠይቅ! ጠርጥር! ፈትሽ! አቅድ! ጠግን! አረጋግጥ! መዝግብ! «ያልተመዘገበ ጥገና እንዳልተሠራ ይቆጠራል! አንዷን የዘለለ ወደቀ!» አዳራሹ እየተንቀጠቀጠ ይመልሳል፤ ኮምፒውተሮቹ በላስቲካቸው ውስጥ ሆነው ያዳምጣሉ።

የፈተናው ቀን ማረጋገጫውን ከሚሰጠው መሥሪያ ቤት አንዲት ፈታኝ መጣች። ዕድሜዋ ገፋ ያለ፣ ጫማዋ ዝቅ ያለ፣ እርሳስ ጆሮዋ ላይ የሰካች ሴት ናት። የጽሑፉ ፈተና ጠዋት አለቀ፤ ብዙዎቹ ከአንድ እስከ አርባ «ሐ»ን አጥቁረው በጊዜ ወጡ። ለተግባሩ ፈተና አሠልጣኙ ብልሽት አዘጋጅቶ ጠበቃት፦ ከአንዱ ኮምፒውተር ማውስ ነቅሎ።

«ይሄ ነው ብልሽቱ?» አለች ፈታኟ።

«ለሁሉም አንድ ዓይነት እንዲሆን ብለን ነው። ፍትሐዊ እንዲሆን» አሉ ባለስምንቱ፤ በአስተናጋጅነት ክራባት አስረው ነበር።

ፈታኟ ወደ መተላለፊያው ወጣች። ግራ ክንፍ ስትደርስ ቆመች። ሠራተኛው ሁሉ አንገቱ ላይ ፍላሽ ዲስክ አንጠልጥሎ ከክፍል ክፍል ይሯሯጣል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ኔትወርኩ» አለች የግራ ክንፍ ፀሐፊ፣ ቀና ሳትል። «እኛ ነን ኔትወርኩ። በእግራችን ነው የምንሄደው። ሦስት ወራችን።»

ባለስምንቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የሟች ሥራ ነው። ነፍሱን ይማረውና፣ ያልተማረ ሰው ነበር። እንደ አዲስ ይዘረጋል።»

«እውነተኛ ብልሽት እያለ ታዲያ ውሸቱን ምን አስፈለገን?» ፈታኟ ወደ ተፈታኞቹ ዞረች። «ማን ይሞክራል?»

አሥራ ዘጠኙ ሰው ጫማውን መመርመር ጀመረ። ጥቁር የለበሰችው እጇን አወጣች።

«ወድቀሽ ትቀሪያለሽ፣ ማውሱን ሰክተሽ እለፊ» አለ አሠልጣኙ በጆሮዋ። ቅንነት ነበረው፤ እሱ አይካድም።

«አንድ ሰዓት አለሽ» አለች ፈታኟ። «ሰባቱም ደረጃ፣ በተራቸው።»

ጠይቅ። መልሱን ፈርታ ሦስት ወር ሙሉ ያልደፈረችው ነገር ይህ ነበር። ወደ ፀሐፊዋ ጠረጴዛ ሄደች። «መቼ ነው የተቋረጠው?»

«ረቡዕ፣ በሻይ ሰዓት። እየጻፍኩ ነበር፤ ቀጥ አለ።»

«ከዚያ በፊት የተለየ ነገር አልነበረም?»

«ምንም። ብቻ አንድ ሰው ግድግዳ ይደበድብ ነበር። ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ራሴን አሞኝ ነበርና ረገምኩት።»

«ማን እንደሆነ አላየሽም?»

«እስከ ዛሬ ማንም አልጠየቀኝም እንጂ ድምፁ ከየት እንደመጣ አውቀዋለሁ» አለች ፀሐፊዋና ባለስምንቱን አየቻቸው። ባለስምንቱ ክራባታቸውን ላላ አደረጉት።

ጠርጥር። ኮምፒውተሩን ከፍታ አድራሻውን አየች፤ 169.254። ራሱን ሾሟል። ስድስቱም እንደዚያው ናቸው። ስድስቱም የተሰኩባት ትንሽዬ የገመድ ማከፋፈያ፣ ስዊቿ ላይ፣ ከዋናው የኔትወርክ ክፍል የሚመጣው ገመድ መብራት ጠፍቷል። ችግሩ እዚያ ገመድ ላይ ነው፣ ጫፉን ያላየችለት ገመድ ላይ።

ፈትሽ። ገመዱን ነቅላ ጫፉን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው። ያኔ ሳታየው ያለፈችውን አሁን አየችው። ነጭ በብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ በአረንጓዴ፣ ሰማያዊ... ስምንቱም ሽቦዎች በተራቸው፣ አንዱ ካንዱ ሳይበልጥ፣ እስከ ጥግ ገብተዋል። በሚንቀጠቀጥ እጅ የተገጠመ ነው ቢባል ማን ያምናል? ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች፤ ሦስት ወር የያዘችው ትንፋሽ። ሌላኛውን ጫፍ ዋናው ክፍል ሄዳ አየችው፤ እሱም ንጹሕ ነው። ከቦርሳዋ የገመድ መፈተሻዋን አውጥታ በሁለቱ ጫፍ ሰካች። ከስምንቱ መብራት ሦስቱ አልበሩም። ጫፎቹ ደህና፣ መሃሉ ቆስሏል ማለት ነው።

አቅድ። ከቦርሳዋ የወንድም ጋሼን ማስታወሻ አወጣች። ሜትር የሚባል ነገር አይወድም ነበር፤ በስንዝር ነው የሚለካው፣ በገዛ እጁ። «የግራ ክንፍ ዋና ገመድ፦ በኃላፊው ቢሮ ግራ ግድግዳ ውስጥ። ከሥሩ የውኃ ቧንቧ ስላለ ከፍ ተደርጓል። ከወለሉ ስድስት ስንዝር። ከበሩ መቃን አሥራ ስምንተኛው ስንዝር ላይ ወደ ላይ ይታጠፋል።»

«የእርስዎ ቢሮ ውስጥ ነው» አለች።

«ቢሮዬ ሥራ ላይ ነው» አሉ ባለስምንቱ።

«ሥራው ይቆይ፤ እርስዎ ይክፈቱልን» አለች ፈታኟ።

ግራ ግድግዳው ጋ ቆማ እጇን ዘረጋች። የወንድም ጋሼ እጅ ትልቅ ነበር። ልጆች ሳሉ መዳፍ ለመዳፍ እየገጠሙ ይለካኩ ነበር፤ ሥራ ከጀመሩም በኋላ ሲሰላቹ ያንኑ ያደርጋሉ፤ የእሱ አንድ ስንዝር የእሷ አንድ ስንዝርና ሁለት ጣት ነው። ያቺ ሁለት ጣት ዕድሜ ልኳን አልጠበበችም። እንግዲህ ከበሩ መቃን ተነሳች፦ ስንዝርና ሁለት ጣት፣ ስንዝርና ሁለት ጣት። ከኋላዋ ፈታኟ፣ አሠልጣኙ፣ በር ላይ ደግሞ ፍላሽ ያንጠለጠለው የግራ ክንፍ ሰው ሁሉ ተደርድሯል። የሞተ ሰው እጅ ግድግዳውን ስንዝር በስንዝር እየተሻገረ ነው የሚመስለው። አሥራ ስድስት። አሥራ ሰባት። አሥራ ስምንተኛው ላይ ጣቷ መስታወት ነካ።

ስምንተኛው ሠርተፊኬት ነው።

«እሱን አትንኪው!» አሉ ባለስምንቱ። «ደረቅ ግድግዳ ነው፣ ምንም የለውም!»

«አንሺው» አለች ፈታኟ።

አነሳችው። ከሥሩ በፕላስተር የተለጠፈች መዳፍ የምታህል ወረቀት አለች። በወንድም ጋሼ የእጅ ጽሑፍ፣ ረጃጅም እግር ባላቸው ፊደላት፦ «እዚህ ላይ ሚስማር አይመታም። ከሥሩ ገመድ አለ።» ሚስማሩ «አይመታም» የሚለውን ቃል ወገቡን በስቶ ገብቷል።

እሷ ፊደሎቹን ነው የምታየው፤ «እ»ን ሲጽፍ አንገቷን ያጠማዝዛት ነበር፣ እንደ ተጠማዘዘች አለች።

«ወረቀቱ አስቀያሚ ነበር!» አሉ ባለስምንቱ በመጨረሻ። «እንግዳ የሚገባበት ቢሮ ነው። መሸፈን ነበረበት።»

«አላነበቡትም?» አለች ፈታኟ።

ባለስምንቱ ሠርተፊኬቱን ከእጇ ተቀብለው በእጅጌያቸው ወለወሉት።

«ማኅተም ስለሌለው ይሆናል» አለች ፀሐፊዋ ከበሩ። መተላለፊያው በሳቅ ተናወጠ፤ አሠልጣኙ ሳይቀር ሸሚዙን ፈታ አድርጎ ሳቀ።

ጠግን። ሚስማሩን በፒንሳ ነቅላ ወረቀቷን በጥንቃቄ አነሳቻት። ልስኑን ፈልፍላ የቆሰለውን ገመድ አወጣች፤ ቆረጠች፤ በወንድም ጋሼ ክሪምፐር ሁለት አዲስ ጫፍ ገጥማ በማያያዣ አገናኘቻቸው። አረጋግጥ። ግራ ክንፍ ውስጥ ትንሽዬዋ ስዊች ላይ አረንጓዴ መብራት በራ። ኮምፒውተሮቹ ለራሳቸው የሰጡትን ሹመት ትተው ትክክለኛ አድራሻቸውን ተቀበሉ። አንዱ ፍላሹን ከአንገቱ አውልቆ መሳቢያ ውስጥ ወረወረው።

የቀረው መዝግብ ነው። ፈታኟ ቅጹን ሰጥታት መስኮቱ ጋ ሄዳ ቆመች። ባለስምንቱ ጎንበስ ብለው መጡ። ያንን ሹክሹክታ አወቀችው፤ ስምንት ዓመት ወንድም ጋሼን ሲያስጠሩበት የኖሩት ነው።

«እህቴ... አይጥ ብለሽ ጻፊው። አይጥ ነው በቃ። አይጥ ቅር አይለውም። እኔም ያንን ወረቀት አነሳዋለሁ፤ አንቺንም ወንድምሽ ቦታ አስገባሻለሁ።»

እናቷን አሰበቻት። ወረቀቱ ይነሳል፤ ጎረቤት ግን «ለካ አይጥ የሚበላው ገመድ ነው የዘረጋው» ይላል።

«ጋሼ፣ ሰባተኛው ደረጃ "መዝግብ" ነው» አለች፤ በሹክሹክታ ሳይሆን በደንብ በሚሰማ ድምፅ። «"ፍጠር" የሚል ደረጃ አልተማርንም።»

«አላስተማርኩም» አለ አሠልጣኙ ከጥግ።

ጻፈች፦ «የብልሽቱ መንስኤ፦ ሠርተፊኬት ለመስቀል የተመታ ሚስማር። ገመዱ ጉድለት የለበትም። ገመዱን የዘረጋው...» እዚህ ላይ እርሳሱ ቆመ። «ልዩ ልዩ ሥራ» ነበር ያሉት። «...ባለሙያ በጽሑፍ አስጠንቅቆ ነበር።» ፈታኟ ሁለት ጊዜ አነበበችው፣ ፈረመች፣ ማኅተሟን በትንፋሿ አሙቃ መታችበት። «ቅጂው በማስታወቂያ ሰሌዳችሁ ይለጠፋል» አለች። «ያለፈው ማስታወቂያ የተለጠፈበትን ጊዜ ያህል፤ ሦስት ወር።»

በማግስቱ ጠዋት ባለስምንቱ ሰው ሳይገባ መጥተው የክሱን ወረቀት ነቀሉ። ፒኑን አብረው ነቀሉትና የሐዘን መግለጫው መሬት ወደቀ። እሷ ስትደርስ የጫማ ዳና አርፎበት ነበር። አራገፈችው፣ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፣ ማታ ለእናቷ ሰጠቻት።

«ያኛውስ?» አለች እናት።

«ተነሳ። በቦታው ሌላ ተለጥፏል።»

«ምን ይላል?»

«ባለሙያ ነበር ይላል።»

እናት ወረቀቱን ተቀብላ በጥቁር የተሰመረውን ዳር በጣቷ ዞረችው። «እንደዚያ ነው እንጂ» ብላ ወደ ጓዳ ገባች፤ እስኪመሽም አልወጣች።

ሠርተፊኬቷ በወሩ መጣላት። መስታወት አላለበሰችውም፤ ከክሪምፐሩና ከመፈተሻዋ ጋር ቦርሳ ውስጥ ይኖራል። በወንድም ጋሼ ቦታ የመደቧት የመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ናቸው፣ ሰሌዳውን ካነበቡ በኋላ። የወንድም ጋሼን ማስጠንቀቂያ እዚያው ግድግዳ ላይ መልሳ ለጠፈችው፤ ወረቀቷ እንደተበሳች አለች።

አንድ ጠዋት መተላለፊያው ላይ ባለስምንቱ መንገድ ዘጉባት። በአንድ ብብታቸው ስምንተኛውን ሠርተፊኬት ታቅፈዋል፤ በሌላ እጃቸው መዶሻ ይዘዋል። ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «እህቴ፣ እባክሽ፣ እዚህ ጋ ብመታስ?» አሏት።

ማስታወሻውን አወጣች። ሳትቸኩል ገለጠች። እጇን ግድግዳው ላይ ዘርግታ ለካች፤ ስንዝርና ሁለት ጣት፣ ስንዝርና ሁለት ጣት።

«እዚያ አይመታም» አለች።

ሦስት እርምጃ ወደፊት ሄዱ። «እዚህስ?»

እንደገና ለካች። «እዚያም አይመታም።»

ባለስምንቱ ሠርተፊኬታቸውን እንደታቀፉ ወደ መተላለፊያው መጨረሻ ነጎዱ። እውነቱን ለመናገር፣ ሁለተኛው ቦታ ላይ ምንም ገመድ አልነበረም።